«የአበሻ» የሚለው ስም ስንት ያወጣል?

የዳንግላና የእንጅባራ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ በገበያና በጤና ሚዛን

በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር እንቁላል ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «የአበሻ ነው የፈረንጅ?» ይላል። መልሱ «የአበሻ» ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ገዢውም እምብዛም ሳይከራከር ይከፍላል። ወተቱ «ከላም በቀጥታ የታለበ» ከተባለ፣ ቅቤው «የጎጃም ለጋ» ከተባለ፣ ድንቹ «ማዳበሪያ ያልነካው» ከተባለም እንዲሁ ነው። ገዢው በዚህ ልዩነት የሚገዛው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጤናም እየገዛሁ ነው ብሎ ያምናል። በእርባታ ጣቢያ የተመረተው መድኃኒት የበዛበት፣ ከገበሬው ጓሮ የመጣው ግን ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ራሱን የቻለ የገበያ ኃይል ሆኗል።

ይህ እምነት ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ፣ የቀድሞዋ ኮሶበር፣ ከአዲስ አበባ በ447 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትገኛለች። ዳንግላ ደግሞ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። ሁለቱም በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር በሚያደርሰው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ከየቀበሌው በጀርባና በአህያ የወጣ እንቁላልና ቅቤ እዚያ ተሰብስቦ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይጫናል። ሰብሳቢው ትርፉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከዚያች «የአበሻ» ከምትለው ቃል ነው። ገንዘቡን በዚህ መስመር ላይ ሊያውል የሚያስብ ባለሀብትም መጀመሪያ ሊያጣራ የሚገባው ቃሉ የሚያምንበትን ያህል የሚያስተማምን መሆኑን ነው። ስም በአንድ ሳምንት ወሬ እንዴት እንደሚወድቅ የወተት ገበያ በ2008 ዓ.ም. አሳይቶናል። ወደዚያ እንመለሳለን።

የቲሊሊ ዶሮ

የአገራችን የዶሮ ዓይነቶች በተመራማሪዎች ሲመዘገቡ ከአዊ አንድ ስም መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ቲሊሊ። ቲሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። በዶ/ር ታደለ ደሴና በባልደረቦቻቸው ጥናት የቲሊሊ ዶሮ ከሆሮ፣ ከጨፌ፣ ከጃርሶና ከቴፒ ዶሮዎች ጎን ተመዝና ተለክታለች። ከዚያም ዶ/ር ሐሊማ ሐሰን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዶሮዎች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት ውስጥ ዳግም ተካታለች። እንግዲህ የአዊ ሰው የራሱ ስም ያላት ዶሮ ባለቤት ነው ማለት ነው። ይህን ስም በእንቁላሉ ላይ ጽፎ የሚሸጥ ነጋዴ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አላየንም።

የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። አንዱ እንቁላል ወደ 40 ግራም ይመዝናል። በእርባታ ጣቢያ ያለች የእንቁላል ጣይ ዝርያ ግን በዓመት ከ250 እስከ 300 ትጥላለች፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ55 ግራም በላይ ነው። ይህን በኪሎ እናስላው። 40 ግራም ከሚመዝነው የአበሻ እንቁላል ኪሎ የሚሞላው 25 ሲሆን፣ 58 ግራም ከሚመዝነው የፈረንጅ ግን 17 ነው። ስለዚህ ሁለቱ በነጠላ እኩል ዋጋ ቢሸጡ እንኳ የአበሻውን የገዛ ሰው በኪሎ 45 በመቶ ገደማ አብልጦ ከፍሏል። ከዚያ በላይ ያለው የዋጋ ልዩነት ሁሉ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ጤናን ይገዛል? በመጀመሪያ ደረጃ ከወሬው መሀል አንዱን እንጣለው። «የፈረንጅ ዶሮ በመርፌ ነው የሚያድገው» የሚባለው ሐሰት ነው። ለዶሮ የማሳደጊያ ሆርሞን አይሰጥም። ቢሰጥም እያንዳንዷን ዶሮ በየጊዜው በመርፌ መውጋት ስለሚጠይቅ ወጪው ከዶሮዋ ዋጋ ይበልጣል። የሥጋ ዶሮ በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎ የምትደርሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት በተካሄደ የዝርያ ምርጫና በተመጣጠነ መኖ ነው። ሥጋዋ ቶሎ መብሰሉና መለስለሱም ከዕድሜዋ ማነስ የመጣ ነው። የዶሮ ወጥ ሠሪዋ እናት «አጥንቱን ይለቃል» ብላ ብትነቅፈው ልክ ናት፤ ነቀፋዋ ግን የወጥ ጉዳይ እንጂ የጤና ጉዳይ አይደለም።

የአስኳሉ ቀለምም እንዲሁ ብዙ ያሳስታል። ገበያው ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል በሚለው ተረት የሚሄድ ይመስላል፤ ብጫው የደመቀ እንደሆነ «የአበሻ ነው፣ ጤናማ ነው» ይባላል። ቀለሙ የሚመጣው ዶሮዋ ከምትበላው ሣርና ቅጠል ወይም ቢጫ በቆሎ ነው። በነጭ በቆሎና በፉርሽካ ያደገች ዶሮ አስኳሏ ይነጣል። እንዲያውም ቀለሙን ለማድመቅ ብቻ መኖ ላይ የሚጨመር ነገር በዓለም ገበያ ይሸጣል። በሁለቱ እንቁላሎች መካከል በፕሮቲን ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ሣርና ነፍሳት የምትለቅም ዶሮ እንቁላል ቫይታሚን ኢና ኦሜጋ 3 የተባለው ስብ በመጠኑ ከፍ ሊልበት እንደሚችል በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህ ለአበሻዋ ዶሮ የሚቆጠር ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ግን ትንሽ ነው።

«ትኩስ» የሚለውን ቃል ደግሞ ልብ ብለን እንየው። አንዲት የጓሮ ዶሮ በአንድ ዙር 12 ወይም 15 እንቁላል ጥላ ልትታቀፍ ትቀመጣለች። ባለቤቷ እንቁላሉን የምታከማቸው እስከ ገበያ ቀን ነው። ከዚያ የመንደሩ ለቃሚ፣ ከለቃሚው የከተማው ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ጫኙ ይረከባል። አዲስ አበባ ሲደርስ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሞላው ቢሆን አይደንቅም። የእርባታ ጣቢያው ግን የትናንቱን ዛሬ ይጭናል። በዕድሜ ከተመዘነ «ትኩሱ» የፈረንጁ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጥርጣሬ ያለው ገዢ አንድ ጎድጓዳ ዕቃ ውኃ ይበቃዋል። አዲሱ እንቁላል ውኃው ሥር ተጋድሞ ይቀመጣል፣ የቆየው በአንድ ጫፉ ይቆማል፣ የከረመው ይንሳፈፋል።

የብዛቱ ጉዳይ ከጤናው በላይ ነጋዴውን ይመለከተዋል። በየሳምንቱ 9,000 እንቁላል ልጫን የሚል ነጋዴ በዓመት 468,000 ያስፈልገዋል። ዶሮዋ በዓመት 50 ብትጥል 9,360 ዶሮ ማለት ነው። በየቤቱ አምስት ዶሮ ቢኖር 1,870 ያህል አባወራ ይፈልጋል፤ ያውም ቤተሰቡ አንዱንም ሳይበላና አንዱንም ሳያስታቅፍ! ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ገበያ ላይ የሚያየውን «የአበሻ» እንቁላል ብዛት ሲያይ ሊጠረጥር አይችልም። የሠራ ግን ይጠረጥራል። እንደ ኢትዮ ችክን ያሉ ኩባንያዎች ከሚያሰራጯቸው ዝርያዎች አንዱ የሆነው ሳሶ ላባው ቀይና ቡናማ ስለሆነ ከአበሻ ዶሮ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ከወጣት የፈረንጅ ዶሮ የሚገኘው የመጀመሪያ እንቁላልም ትንሽ ነው። ትንሽነቱን ብቻ አይቶ «የአበሻ» ብሎ የሚገዛ ሰው ምን እንደገዛ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

በሽታን በተመለከተ ሁለቱም ወገን የራሱ ዕዳ አለበት። በ2014 ዓ.ም. የክረምት ዋዜማ ላይ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ እርባታዎች በሽታ ተከስቶ የግብርና ሚኒስቴር የዶሮና የእንቁላል ዝውውርን ለጊዜው መገደቡ ይታወሳል። ገጠሩ ደግሞ ፈንግል አለበት። ፈንግል የገባበት መንደር ዶሮውን ከመሞቱ በፊት ወደ ገበያ ያወጣል፤ በዚያን ሰሞን ዋጋው የወረደ የዶሮ ክምር ያየ ነጋዴ ዕድል መስሎት ቢገዛ ጭነቱ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ፈንግል ለሰው የሚያሰጋ በሽታ አይደለም፤ ለካፒታል ግን ያሰጋል። በሙቀት ቶሎ የማይበላሽ የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

የ2008ቱ የወተት ድንጋጤ

በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወሬ ተሰማ፤ «ወተት ካንሰር ያመጣል» የሚል። መነሻው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የወተት መንደሮች የተደረገ ጥናት ነበር። ከገበሬዎችና ከወተት ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለው መርዝ በሁሉም ተገኘ። በአውሮፓ ኅብረት ከተፈቀደው ልክ፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያልበለጡት ዘጠኝ ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። በአሜሪካና በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን የሚፈቀደውን አሥር እጥፍ የላላ ልክ እንኳ 29ኙ አልፈውታል። ወሬው በመገናኛ ብዙኃን ሲሰራጭ ለልጆቹ ወተት የሚገዛ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ፤ ገበያውም ለጊዜው ቀዘቀዘ።

በዚያን ሰሞን ብዙ ሰው ያደረገው ከፋብሪካ ወተት ወደ «ከላም በቀጥታ» መሸሽ ነበር። ሽሽቱ ወዴት እንደሆነ ግን ማንም አላሰበም። ናሙናው የተወሰደው እኮ ከዚያው ከአላቢውና ከነጋዴው እጅ ነው! ፋብሪካም የሚገዛው ከእነርሱው ነው።

መርዙ ወተቱ ውስጥ የሚገባው በመኖ በኩል ነው። እርጥበትና ሙቀት ባለበት መጋዘን በእህልና በፋጉሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባለውን ያመርታል። ይህም ጉበትን የሚጎዳና በዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው። ላሟ ስትበላው በሰውነቷ ውስጥ ወደ ኤም1 ተለውጦ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይታያል። በዚያው ጥናት 156 የመኖ ናሙናዎች ተመርምረው በሁሉም ቢ1 ተገኝቷል፤ መጠኑም በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ነበር። ከፍተኛው ብክለት የታየው ከኑግ ፋጉሎ ጋር በተያያዘ ነው። የወተት ላም ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ፋጉሎ ወተት ያበዛል። ጎጃም ደግሞ የኑግ አገር ነው።

አሁን ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ እንምጣ። በገጠሩ ያለችው የአበሻ ላም በግጦሽና በድርቆሽ፣ በጤፍ ጭድና በቤት አተላ የምትኖር ናት። የምትሰጠውም በቀን ከሁለት ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ፋጉሎ የሚገዛላት ሰው ስለሌለ የመርዙ ሥጋትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከከተማው ጥግ ያለችው ዲቃላ ላም ግን ብዙ እጥፍ ታልባለች፤ ለዚህም ፉርሽካና ፋጉሎ ያስፈልጋታል። ስለዚህ በአፍላቶክሲን በኩል ካየነው «የገጠር ወተት ይሻላል» የሚለው እምነት ከእንቁላሉ ይልቅ እዚህ ላይ እውነትነት አለው። የሚያሻለው ግን መኖው ነው። አዊ ዝናብ የማይለየው ደጋ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ የተከመረ ፋጉሎ፣ የሻገተ ድርቆሽ ወይም «ለከብት ይሁን» ተብሎ የተጣለ የሻገተ እህል የበላች ላም ከገጠርም ትሁን ከከተማ ወተቷ ያው ነው። ለዶሮ የሚበተነው የሻገተ እህልም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት።

ለነጋዴው የምሥራች የሚሆነው ሌላው የሳይንሱ ክፍል ነው። ላሟ የተበከለውን መኖ ካቆመች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወተቷ ይጠራል። ይህ እንግዲህ ዓመታት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ወተት ሰብሳቢው ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አድርቆ የሚያስቀምጥን አላቢ መርጦ፣ ለእርሱ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ ቢከፍል፣ በአንድ ወር ውስጥ የተለየ ወተት በእጁ ይኖራል። በዳንግላ ወረዳ ደንገሽታ ቀበሌ ከጥልቀት የለሽ የጉድጓድ ውኃ በመስኖ የማልማት ሥራ በምርምር ተቋማት ሲሞከር ቆይቷል። የጓሮ ጉድጓድ ውኃ በበጋ ሣር ማብቀል ከቻለ የፋጉሎው ጥገኝነት ይቀንሳል። ደሾ የሚባለው ሣርም ለዚህ የሚሆን ነው።

ማፍላት ጉዳዩን ይፈታው ይሆን? አይፈታውም። አፍላቶክሲን በማፍላትም ሆነ በፋብሪካ ሙቀት አይጠፋም። በወተት መግዣ የሚሰካው የወተት መለኪያ (ላክቶሜትር) የሚያጋልጠው ውኃ የተጨመረበትን ነው፤ ስለ መርዙ የሚናገረው ነገር የለም። ነገር ግን ማፍላት ለሌላ ነገር የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ 88 የወተት ከብት እርባታዎችን መርምሮ ከላሞቹ 30 በመቶው የከብት የሳንባ ነቀርሳ ምልክት እንዳሳዩ፣ ከእርባታዎቹም ከግማሽ በላይ በሽታው እንዳለባቸው አሳውቋል። በገጠር በግጦሽ በሚኖሩ የአበሻ ከብቶች ላይ በሽታው በጣም ያነሰ ነው፤ ጨርሶ የለም ግን አይባልም። ውርጃ የሚያመጣው የከብት በሽታም ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይሻገራል። ስለዚህ «ከላም በቀጥታ» ያልፈላውን የሚጠጣ ሰው ከአንዱ ሥጋት ሸሽቶ ከሌላው ጋር መገናኘቱ ነው።

ቅቤ ነጋዴው በዚህ መሀል የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል። ኤም1 የሚጣበቀው ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሆነ ከቅቤው ይልቅ ወደ አይቡ ያደላል። ስለዚህ ከአንድ ላም ወተት የወጣው ቅቤ ከአይቡ የጸዳ ነው ለማለት ይቻላል። የቅቤው ጣጣ ሌላ ነው፤ የረጋ የአትክልት ዘይት የሚደባለቅበት፣ አሬራው ሳይጨመቅ በክብደት የሚሸጥበት፣ መካከለኛው «ለጋ» ተብሎ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። የቅቤ ነጋዴ ዓይንና አፍንጫ ይህን ያውቃል። የከተማ ገዢ ግን አያውቅም። ጾሙ ሲገባ ወተት ገዢ ስለሚያጣ በየቤቱ ይናጣል፤ በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ የተጠራቀመው ቅቤ ለፋሲካ ይወጣል። በስሙ ለመነገድ የሚያስብ ሰው መጋዘኑን የሚሞላው በዚያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቱስ?

ገዢው ስለ እርባታ ጣቢያ ከሚሰማቸው ሥጋቶች ሁሉ መሠረት ያለው ይህ ነው። ዶሮ በአንድ አዳራሽ በሺህ ሲታጎር በሽታን ለመከላከል በውኃው ውስጥ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ሕጉ ከመድኃኒቱ በኋላ ለተወሰነ ቀን እንቁላሉና ሥጋው ገበያ እንዳይወጣ ይላል። በእነዚያ ቀናት የሚጣለውን እንቁላል ኪሳራ ማን ይሸከማል? ብዙ አርቢ ላለመሸከም ይፈተናል።

ነገር ግን መድኃኒት የእርባታ ጣቢያ ብቻ አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት ቄራዎች 384 የበሬ ሥጋ ናሙና መርምሮ በ71.3 በመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን አግኝቷል። መገኘቱ ብቻ ከተፈቀደው ልክ በላይ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ሆኖም ወደ ቄራ ከሚገቡት በሬዎች ብዙዎቹ የገበሬ በሬዎች ናቸው። ኦክሲቴትራሳይክሊን በየወረዳው ከተማ በቀላሉ የሚገኝ መርፌ ነው። በሬው ሲታመም ይወጋል፣ ካልተሻለው ይሸጣል። የአንዳንዱ መርፌ ቅሪት ከሥጋው እስኪወጣ እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ታሞ የተሸጠ በሬ አራት ሳምንት የሚጠብቀው ማን ነው?

የአዊ ደጋ ድንችም በዚሁ ሚዛን ላይ ይወጣል። በክረምት ቅጠሉን የሚያደርቀውን በሽታ ለመከላከል ገበሬው ማንኮዜብና ሪዶሚል ይረጫል። የአውሮፓ ኅብረት ማንኮዜብን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ከፈቃድ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ «ከገጠር የመጣ» ማለትና «ኬሚካል ያልነካው» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዲከረንስ የበላው መሬት

ነጋዴው ስለ ጤናው ያለውን ሁሉ ቢያምን እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። ምርቱ ከየት ይመጣል? በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ማሳውን በአኬሻ ዲከረንስ መሸፈን ከጀመረ ቆይቷል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፤ ከዚያ ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይሆናል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ሆኖ በጆንያ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከጤፍና ከገብስ የበለጠ ጥሬ ገንዘብ ስላስገኘ ገበሬው የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ግን ከሰል የሆነ ማሳ ገለባ አይሰጥም፣ ዶሮ የምትለቅመው እህልም አይተርፈውም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን የሚያደርቅ ዋግ መሰል በሽታ ገብቶ ብዙ ደን ጎድቷል። የዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ከከሰል የወጣው መሬትና ጉልበት አሁን ምን ላይ ይውላል የሚለው ጥያቄ ለወተትና ለእንቁላል ነጋዴ ከሁሉም በላይ የሚከታተለው ጉዳይ መሆን አለበት የሚል ነው። መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የጀመረው የሌማት ትሩፋት ፕሮግራም ወደ ገበሬው የሚልከው በአብዛኛው የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት ነው። ምርት ያሳድጋል። በዚያው ልክ «የአበሻ» የሚባለውን ዶሮ ከመንደሩ ያሳንሰዋል። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ አኃዝ መሠረት በአገሪቱ ከነበረው 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ከአምስቱ አራት እጅ ያህሉ ገና የአገር ውስጥ ዝርያ ነበር። እየቀነሰ ከሄደ ስሙ የበለጠ ይወደዳል፤ የማስመሰሉ ፈተናም እንዲሁ።

ስሙን ማን ይጠብቀዋል?

ስለ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት ሆኖታል። ስለ መኖና የእንስሳት መድኃኒት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ፤ ቁጥጥሩም አሁን በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። ስለ ምግብና መድኃኒት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ስለዚህ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። «የአበሻ» እና «የገጠር» የሚሉት ቃላት ግን የሚኖሩት በሻጭና በገዢ መተማመን ብቻ ነው። መተማመኑ አንድ ቀን የተሰበረ እንደሆነ ኪሳራው የሚደርሰው ባታለለው ላይ ብቻ አይሆንም፤ ከዳንግላ እውነተኛውን የጫነውም አብሮ ይወድቃል። በ2008ቱ ድንጋጤ ላሙን ፋጉሎ አቅምሶ የማያውቀው ገበሬም ወተቱን የሚገዛው አጥቶ እንደነበር ነጋዴዎች አይረሱትም።

መንገዱም የራሱን ይወስዳል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ጎዳናው በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ለእህል ነጋዴ የሦስት ቀን መዘግየት የኪራይ ጉዳይ ነው። ለወተት ግን ሙሉ ኪሳራ ነው፤ ለእንቁላልም ዕድሜ ነው። በዚህ ምክንያት የዳንግላ ወተት ለጊዜው ከባሕር ዳር አልፎ መሄዱ አይታየንም፤ ረጅሙን መንገድ የሚችለው ቅቤ ነው።

እንቁላል ላይ ገንዘብ ሊያውል የሚፈልግ ሰው ቢኖር ወጪው ትልቅ ያልሆነ አንድ ነገር ሊሞክር ይችላል። ለለቃሚዎቹ እርሳስ ይስጣቸው፤ እንቁላሉ የተገዛበትን ቀንና የቀበሌውን ስም ቅርፊቱ ላይ ይጻፉበት፤ ቀን ላለው እንቁላል ከሌላው አብልጦ ይክፈል። ይህ በተለይ ለፋሲካ ሰሞን ያስፈልጋል። በሁዳዴ እንቁላል ገዢ ስለማይኖረው ብዙው ለበዓሉ ተብሎ በየቤቱና በየመጋዘኑ ይቀመጣል፤ «ትኩስ የአበሻ» ተብሎ በዓመቱ ከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው እንቁላልም አብዛኛውን ጊዜ ያ የቆየው ነው።